ማኅፀን የማያስቀረው፦ ስለ ሆርሞን አዛቢ ኬሚካሎችና ስለ ፅንስ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ያማረሽን ካልበላሽ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል።» ነፍሰ ጡር ሆና ይህን ያልሰማች ሴት ማግኘት ይከብዳል። ያልተበላ ሥጋ፣ ያልተቀመሰ ፍሬ በሕፃኑ ገላ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል ተብሎ ስንት እናት ተጨንቃለች። ጓሮዋ ስለተረጨው ፀረ ተባይ ወይም ታጥቦ ውኃ ስለሚቀዳበት የኬሚካል ጀሪካን ግን የሚያስጠነቅቃት ሰው ብዙ የለም። አምሮት የሕፃን ገላ ላይ ምልክት አያወጣም። ከኬሚካሎቹ መካከል አንዳንዶቹ ግን የፅንሱ የመራቢያ አካላት በሚሠሩበት ሰዓት ደርሰው አሠራራቸውን ሊያዛቡ ይችላሉ።

ሆርሞን አዛቢ የምንላቸው ሰውነታችን የሚያመርታቸውን ሆርሞኖች የሚመስሉ፣ ሥራቸውን የሚያግዱ ወይም አመራረታቸውን የሚቀንሱ ኬሚካሎች ናቸው። በዙሪያቸው ብዙ ይወራል፤ ግማሹ አጉል መዘናጋት፣ ግማሹ አጉል ፍርሃት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የእንግዴ ልጁ መርዙን ያጣራዋል»

ይህ እምነት የአያቶቻችን ብቻ አልነበረም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ብዙ ሐኪሞችም የእንግዴ ልጅን የማይታለፍ አጥር አድርገው ያዩት ነበር። በ1961 ታሊዶማይድ የተባለው የእንቅልፍና የማቅለሽለሽ መድኃኒት እጅና እግራቸው ያልተሟላ ሕፃናት እንዲወለዱ ማድረጉ ሲታወቅ ያ እምነት ፈረሰ። የእንግዴ ልጅ ዋና ሥራው ማሻገር ነው፤ ኦክስጅኑንም ምግቡንም ከእናት ደም ወደ ፅንሱ ያደርሳል። ትንንሽና በስብ የሚሟሙ ሞለኪውሎች ሲመጡ የሚያግድበት አቅሙ ደካማ ነው። አልኮልና ኒኮቲን እንደሚያልፉ ሁሉ ዲዲቲም፣ በፕላስቲክ ውስጥ ያለው ቢስፌኖል ኤም ያልፋሉ።

ከሆርሞን አዛቢ ኬሚካሎች ሁሉ በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት በይበልጥ ግልጽ ሆኖ የታወቀው የአንዱ ነው፤ እሱም በሐኪም ትእዛዝ ይሰጥ የነበረ ኪኒን ነው። ስሙ ዳይኢታይልስቲልቤስትሮል፣ በአጭሩ ዲኢኤስ ይባላል። በ1938 ለንደን ውስጥ በቻርልስ ዶድስ የሚመራ ቡድን ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ሥራ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ውሁድ አድርጎ ሠራው። ዋጋው ርካሽ ነበር፣ በአፍ ይወሰዳል፣ የባለቤትነት መብትም ስላልተያዘበት የፈለገ ፋብሪካ ሁሉ አመረተው። አሜሪካ ውስጥ ጆርጅና ኦሊቭ ስሚዝ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ፅንስ እንዳይጨናገፍ ይረዳል ብለው አመኑበት፤ በ1947 የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለነፍሰ ጡሮች እንዲሰጥ ፈቀደ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1953 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች 1,650 ገደማ ነፍሰ ጡሮችን ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ ዲኢኤስ፣ ለግማሾቹ ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለው ተመሳሳይ ኪኒን ሰጡ። መድኃኒቱ ፅንስ ከመጨናገፍ እንደማያድን በግልጽ ታየ፤ ውጤቱም ታትሞ ወጣ። መድኃኒቱ ግን ከዚያ በኋላ ለ18 ዓመታት መታዘዙን ቀጠለ። ምንም ችግር የሌለባቸው ነፍሰ ጡሮች እንኳ ልጃቸው ትልቅና ጠንካራ ሆኖ እንዲወለድ በሚል ማስታወቂያ ተታልለው ዋጡት። አሜሪካ ውስጥ ብቻ እናቶችንና ልጆችን ጨምሮ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ሰው ለመድኃኒቱ እንደተጋለጠ ይገመታል።

«ሙሉ አካል ይዞ ከተወለደ አለፈለት»

የዲኢኤስ ልጆች ሲወለዱ ምንም አይታይባቸውም ነበር። ክብደታቸው ደህና፣ ለቅሶአቸው ደህና፣ ጣታቸው ተቆጥሮ ሙሉ። ቦስተን ውስጥ የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ሐኪሞች አንድ ያልጠበቁት ነገር እስኪገጥማቸው ድረስ ማንም አልጠረጠረም። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ እንኳ እምብዛም የማይታይ የብልት ካንሰር ዓይነት በ15 እና በ22 ዓመት መካከል ባሉ ልጃገረዶች ላይ ደጋግሞ መታየት ጀመረ። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ ፍንጩን የሰጠችው ከታማሚዎቹ የአንዷ እናት ናት፤ «እርጉዝ እያለሁ የወሰድኩት መድኃኒት ይሆን?» ብላ ጠየቀች። አርተር ኸርብስት፣ ሃዋርድ ኡልፌልደርና ዴቪድ ፖስካንዘር ጉዳዩን ተከታትለው በሚያዝያ 1971 አሳተሙት። ካጠኗቸው 8 ታማሚዎች የ7ቱ እናቶች በእርግዝናቸው ዲኢኤስ ወስደው ነበር። ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት 32 ጤነኛ ሴቶች እናቶች መካከል የወሰደ አንድም አልተገኘም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡር እንዳይታዘዝ አስጠነቀቀ።

ካንሰሩ የያዘው ከተጋለጡት ሴት ልጆች በግምት ከሺህ አንዷን ነው። ብዙዎቹን የጎዳው ሌላው ነው፤ ጉዳቱም የታወቀው ራሳቸው ልጅ ለመውለድ በሚሞክሩበት ዕድሜ ነው። የማኅፀናቸው ቅርጽ ፅንሱ ገና ሲሠራ ስለተዛባ ለመፀነስም፣ የፀነሱትን ለማቆየትም ተቸገሩ። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም መሪነት በ2011 የታተመው ክትትል ከ4,600 በላይ የተጋለጡ ሴቶችን ካልተጋለጡት ጋር አነጻጽሯል። መፀነስ ያልቻሉት ካልተጋለጡት መካከል ከመቶ 15.5 ሲሆኑ ከተጋለጡት መካከል ከመቶ 33.3 ነበሩ። ጊዜው ሳይደርስ የመውለድ ዕድል ከመቶ 17.8 ወደ 53.3፣ ከማኅፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ደግሞ ከ2.9 ወደ 14.6 ከፍ ብሎ ተገኘ። ወንዶቹም አላመለጡም፤ የዘር ፍሬ ወደ ከረጢቱ አለመውረድና በዘር ማስተላለፊያው ቱቦ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት በእነሱ ላይ በዝቶ ታይቷል።

እንግዲህ አንዲት ሴት በ30 ዓመቷ «ልጅ አልይዝ አለኝ» ብላ የምታለቅስበት ምክንያት፣ እሷ ራሷ ገና ፅንስ ሳለች የተፈጠረ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «መካን» ብሎ የሚሰድባት ሰው ይህን ቢያውቅ ኖሮ አፉን ይዘጋ ነበር።

«ትንሽ ከሆነ ምን ይጎዳል?»

ለብዙ መርዝ ወሳኙ መጠኑ ነው። ለሆርሞን ግን ጊዜውም የዚያኑ ያህል ይወስናል። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ወንድም ሆነ ሴት የሚሆነው ፅንስ አንድ ዓይነት ነው፤ ወደ ወንድ አካል የሚያድጉትም፣ ወደ ማኅፀን የሚያድጉትም ቱቦዎች አብረው አሉት። ዋይ ክሮሞዞም ያለው ፅንስ የዘር ፍሬ መሥራት ይጀምራል፤ የዘር ፍሬውም ከስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ቴስቶስቴሮን ያመነጫል። ከ8ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ያሉት ቀናት የወንዱን መራቢያ አካል የሚወስኑት ናቸው። በዚያ ጊዜ ሆርሞኑ ካነሰ ወይም ከታገደ የሽንት ቀዳዳው በብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከሥሩ ሊከፈት፣ የዘር ፍሬውም ሆድ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ኤድንብራ ውስጥ ሚሼል ዌልሽና ሪቻርድ ሻርፕ የተካፈሉበት በ2008 የታተመ የአይጥ ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ የወንድ ሆርሞንን የሚያግደው ፍሉታማይድ በተወሰኑት ቀደምት ቀናት ሲሰጥ ጉድለቱ ተፈጠረ፤ ቀኖቹ ካለፉ በኋላ ያው መድኃኒት ሲሰጥ ግን ያንን ጉድለት አላመጣም። ያልደረቀ ሸክላ ላይ ያረፈ ጣትና የተተኮሰ ሸክላ ላይ ያረፈ ጣት አንድ አይደለም።

የሴቷ ፅንስ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስገርማል። በ20ኛው ሳምንት ገደማ በእንቁላል ማፍሪያዎቿ ውስጥ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የዘር ሕዋሳት አሏት፤ ስትወለድ የሚቀሩት ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ናቸው። ስለዚህ ሴት ልጅ የፀነሰች እናት የልጅ ልጆቿ የሚገኙባቸውን ሕዋሳት ጭምር ተሸክማለች። እናቲቱ ዛሬ የተጋለጠችበት ነገር ሦስት ትውልድ በአንድ ጊዜ ያገኛል።

መጠኑንም ቢሆን አቅልለን እንዳናይ፤ የራሳችን ሆርሞኖች የሚሠሩት በደም ውስጥ በሚሊግራም ሳይሆን በግራም ቢሊዮንኛና ትሪሊዮንኛ ክፍልፋይ ነው። ቢስፌኖል ኤን እንውሰድ። የኤስትሮጅን ጠባይ እንዳለው በ1936 ያሳየው ያው ዲኢኤስን የሠራው ዶድስ ነው። መድኃኒት ሳይሆን ቀረና በኋላ ለጠንካራ ፕላስቲክና ለምግብ ቆርቆሮ የውስጥ ቅብ ዋለ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ሰው በቀን ቢያገኘው አይጎዳውም የሚባለውን መጠን ቀድሞ ካስቀመጠው 20,000 ጊዜ ዝቅ አደረገው። የጀርመኑ የአደጋ ምዘና ተቋም በስሌቱ አልተስማማም፤ በሳይንቲስቶች መካከል ክርክሩ አሁንም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ቢስፌኖል ኤ ምግብ በሚነካ ዕቃ ላይ እንዳይውል ከልክሏል። በእኔ አስተያየት ትክክል አድርጓል።

«እርጉዝ መሆኗ ሲታወቅ ትጠንቀቅ»

ይህ ምክር ቅን ነው፤ ግን ይዘገያል። ዴንማርክ ውስጥ በአበባና በአትክልት ግሪንሃውስ የሚሠሩ ሴቶች በወለዷቸው 110 ገደማ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት በ2008 ታትሟል። አገሩ ዴንማርክ ነው፤ ሕግ አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ፣ ሴትየዋ መፀነሷን ስትናገር ወደማትጋለጥበት ሥራ ትዛወራለች ወይም ፈቃድ ትወጣለች። ብዙዎቹም ገና በእርግዝናቸው መጀመሪያ እንዲህ ተደርጎላቸው ነበር። ሆኖም ሕፃናቱ በሦስት ወራቸው ሲመረመሩ የዘር ፍሬያቸው ሳይወርድ የቀረው ከመቶ 6.2 ሆኑ፤ በዋና ከተማዋ አካባቢ በተወለዱና በተመሳሳይ መንገድ በተመረመሩ ሕፃናት ዘንድ ቁጥሩ ከመቶ 1.9 ብቻ ነበር። ለፀረ ተባይ በተጋለጡት እናቶች ልጆች ላይ የብልትና የዘር ፍሬ መጠንም አንሶ ተገኝቷል። የጥናቱ ሰዎች ጥቂት ናቸውና ብቻውን ሁሉን አይፈታም። ቢሆንም ጥበቃው የሚጀምረው እናቲቱ «አርግዣለሁ» ስትል ከሆነ፣ ወሳኞቹ ሳምንታት እስከዚያ ሊያልፉ እንደሚችሉ ያሳያል።

ይህን ጥናት ሳነብ የምትታሰበኝ ባቱ፣ ሆለታና ቢሾፍቱ አካባቢ ባሉ የአበባ እርሻዎች የምትሠራ ሴት ናት። በእነዚህ እርሻዎች ከሚሠሩት አብዛኛዎቹ ሴቶች፣ ብዙዎቹም በወሊድ ዕድሜ ላይ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ኬሚካል ከተረጨ በኋላ ወደ ግሪንሃውሱ ከመግባት በፊት መጠበቅ የሚገባ ሰዓት አለ፤ በኬሚካሉ ዕቃ ላይ ተጽፏል። ሰዓቱ ሳይሞላ ገብታ ጽጌረዳ የምትቆርጥ፣ ጓንቷ የተቀደደ፣ ቅጠሉ ላይ የቀረው እርጥበት በክንዷ ላይ የሚደርቅ ልጅ ሠርታ ወደ ቤቷ የምትመለሰው በዚያው ልብስ ነው። በአገራችን ብዙ እናቶች የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትላቸውን የሚጀምሩት ከአራተኛው ወር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ 14ኛው ሳምንት አልፏል። ስለዚህ ጥበቃው ለእርጉዟ ብቻ ሳይሆን ልታረግዝ ለምትችል ሴት ሠራተኛ ሁሉ ከመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ጀምሮ መሆን አለበት። መፀነሷን ስትናገር ሥራዬን አጣለሁ ብላ የምትፈራ ሴት ደግሞ ጭራሽ አትናገርም።

«ዲዲቲ ድሮ ቀረ»

መረጨቱ ቢቀርም ኬሚካሉ ገና አለ። ኢትዮጵያ ወባን ለመከላከል ለአሥርተ ዓመታት ቤቶችን በዲዲቲ ስታስረጭ ኖራለች፤ አዳሚ ቱሉ ላይም ይዘጋጅ ነበር። ርጭት ሲደርስ ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ ወጥቶ ግድግዳው ነጭ ሲሆን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በ2000ዎቹ መጨረሻ ርጭቱ በሌሎች ኬሚካሎች ተተካ። ዲዲቲ ግን በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ በእንስሳትም በሰውም ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። ከጂማ አካባቢ በተወሰደ የእናት ጡት ወተትም፣ በጫት ቅጠል ላይም የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ። በሰውነት ውስጥ ሲሰበር የሚፈጠረው ዲዲኢ የወንድ ሆርሞን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ይህም በ1995 በላቦራቶሪ ተረጋግጧል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር በሪያና ቦርንማን የተመራ ቡድን 3,310 አዲስ የተወለዱ ወንዶችን መረመረ። ዲዲቲ በሚረጭባቸው መንደሮች ይኖሩ ከነበሩ እናቶች የተወለዱት በሽንትና በመራቢያ አካላቸው ላይ ጉድለት የመኖሩ ዕድል ካልተረጨባቸው መንደሮች ልጆች በ33 ከመቶ ይበልጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉ እናቶች ልጆች ላይ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ኬሚካሉ ያለው በቤቱ ግድግዳ ላይ ነውና። ወባም ግን እናትንም ፅንስንም ይገድላል። አንዲት የገጠር እናት በትንኝና በኬሚካል መካከል እንድትመርጥ መገደዷ ራሱ በደል ነው፤ ለዚህ ነው አጎበርና ብዙ የማይቆዩ ኬሚካሎች ላይ የሚወጣ ገንዘብ አይባክንም የምለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ ተገኘ ሲባል ሰምታ ጡት ማጥባት የምታቆም እናት እንዳትኖር። የዓለም ጤና ድርጅት ማጥባቱ እንዲቀጥል ይመክራል፤ የጡት ወተት ለሕፃኑ የሚሰጠው ጥበቃ ከዚህ ስጋት ይበልጣል።

«የዚህ ዘመን መካንነት ሁሉ ከፕላስቲክ ነው»

ይህም ስሕተት ነው፤ በተለይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚነዛው። የወንድ ዘር ቁጥር በምዕራባውያን አገሮች ከ1973 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ ሐጋይ ሌቪንና ባልደረቦቹ በ2017 ጽፈዋል፤ የአቆጣጠሩን አስተማማኝነት የሚጠይቁ ተመራማሪዎችም አሉ። ቅነሳው እውነት ቢሆን እንኳ ውፍረት፣ ማጨስ፣ የአባለዘር በሽታና ዘግይቶ ልጅ መፈለግ ሁሉም ድርሻ ይኖራቸዋል። ፕላስቲክን የሚያለሰልሱት ፍታሌት የተባሉ ኬሚካሎች ግን ጥርጣሬ የሚበዛባቸው ናቸው። ሻና ስዋን በ2005 ባወጣችው ጥናት በእርግዝና ጊዜ በእናቶቻቸው ሽንት ውስጥ ብዙ ፍታሌት የተገኘባቸው ወንድ ሕፃናት በፊንጢጣና በብልት መካከል ያለው ርቀት አጥሮ ተገኝቷል፤ ይህ ርቀት ፅንሱ ምን ያህል የወንድ ሆርሞን እንዳገኘ ያመለክታል። ትኩስና ቅባት ያለው ምግብ ፕላስቲክ ላይ አለማፍሰስ፣ ወጡን በፌስታል ከመቋጠር ይልቅ በሳህን ወይም በብረት ዕቃ መያዝ ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የመንግሥትና የፋብሪካ ድርሻ ነው፤ በአንዲት ነፍሰ ጡር ትከሻ ላይ የሚጫን አይደለም።

«የእናቲቱ ጥፋት ነው»

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ሕፃኑ የዘር ፍሬው ሳይወርድ ወይም የሽንት ቀዳዳው ከሥር ሆኖ ሲወለድ አማቷ «ምን በልታ ነው?» ትላለች፤ ጎረቤት «እርግማን ነው» ይላል፤ እናቲቱ ሕፃኑን ደብቃ ታጥበዋለች። የዘር ፍሬ አለመውረድ ቀኑ ሞልቶ ከሚወለድ መቶ ወንድ ሕፃን ከሁለት እስከ አራቱ ላይ የሚታይ ነገር ነው። በአብዛኛው መነሻው ይህ ነው ተብሎ አይታወቅም፤ የዘር ውርስ አለበት፣ ያለጊዜ መወለድ አለበት፣ ኬሚካልም አለበት ይባላል። የአንዱን ልጅ ጉድለት ከአንድ ኬሚካል ጋር አያይዞ «ይህ ነው ያደረገው» ማለት ሐኪምም አይችልም። የዲኢኤስ እናቶች ያደረጉት የታዘዘላቸውን ኪኒን መዋጥ ብቻ ነበር፤ የግሪንሃውሷም ሠራተኛ እንጀራዋን ስትፈልግ ነው የተጋለጠችው።

ልጁን የሚጠቅመው ቶሎ ማየት ነው። የሽንት ቀዳዳው ከሥር የሆነ ሕፃን ሸለፈቱ ብዙ ጊዜ ከታች በኩል ጎድሎ ከላይ ብቻ እንደ ቆብ ይንጠለጠላል፤ ሲያዩት የተገረዘ ይመስላል፣ ብልቱም ወደ ታች ሊጎብጥ ይችላል። ይህ ከታየ በስምንተኛው ቀን መገረዝ የለበትም። ቀዶ ሐኪሙ ቀዳዳውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ሸለፈት ቆዳ ነው፤ አንዴ ተቆርጦ ከተጣለ ምትክ ማግኘት ይቸግራል። ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 18ኛው ወር ባለው ጊዜ ይሠራል። በከረጢቱ ውስጥ አንዱ ወይም ሁለቱ የዘር ፍሬ በእጅ ካልተዳሰሰ እስከ ስድስት ወር ድረስ በራሱ ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ካልወረደ ግን በአንድ ዓመት፣ ቢዘገይ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ በቀዶ ሕክምና መውረድ አለበት። መዘግየቱ የመውለድ አቅሙን ይቀንሳል፣ በኋላ ዕድሜም የዘር ፍሬ ካንሰር ስጋትን ይጨምራል። ስለዚህ ገራዡ ከመጠራቱ በፊት ሕፃኑን ገልጦ የሚያይ አንድ የጤና ባለሙያ ይኑር።